ሎብስተር ቢጋበዙ አረንጓዴዋን ይተዉ!

ዛሬ አሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ድረስ ልንወስድዎ ነው። ግዛቷ ሜን ትባላለች። ከቦስተን ተነስተው በመኪና ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዙ ፖርትላንድ ይደርሳሉ። ከዚያ ወዲያማ የባህር ዳሩ ሁሉ የሎብስተር አገር ነው። ወደቡን ጀልባና የማጥመጃ ሳጥን ሞልቶታል። ሮክላንድ የምትባለው ከተማ ደግሞ በየዓመቱ በበጋቸው፣ ኦገስት ግድም፣ ለዚሁ እንስሳ ትልቅ ፌስቲቫል ታደርግለታለች። ለእኛ ዶሮ ወጥ እንደሆነው ሁሉ ለሜን ሰው የክብር ግብዣው ሎብስተር ነው።

ታዲያ ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ሰው ይሉኝታ አለበት። ጋባዡ ከቅርፊቱ ውስጥ አረንጓዴ ነገር በማንኪያ ዝቆ «ምርጡ ይኸ ነው፣ ቅመሰው!» ሲለው፣ እምቢ ማለት ነውር መስሎት ዓይኑን ጨፍኖ ይውጣል። በሃይማኖቱ ምክንያት ሎብስተር የማይበላማ «አልበላም» ካለ ነገሩ አለቀ። ምክራችን እበላለሁ ብሎ ለተቀመጠው ነው።

መጀመሪያ የሚበላውን እንይ። ሎብስተሩ ተቀቅሎ፣ ቀልቶ፣ እንዳለ ሳህን ላይ ይመጣል። አንገትዎ ላይ እንደ ሕፃን መሀረብ ያስሩልዎታል፣ ጉጠት የመሰለ መስበሪያም ይሰጥዎታል። ሥጋው ያለው ጅራቱና ሁለቱ ትልልቅ መቆንጠጫዎች ውስጥ ነው። መቆንጠጫውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያም ጣፋጭ ሥጋ አለው። ቀጫጭኖቹን እግሮች ደግሞ እንደ ሸንኮራ መምጠጥ ነው። ነጭ ሆኖ የበሰለውን ሥጋ ያለ ስጋት ይብሉ። ግዛቲቱም ዝም ብላ አትተወውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ፔኖብስኮት የሚባለው ወንዝ ወደ ባህር በሚገባበት አካባቢ ሜርኩሪ በመገኘቱ እዚያ ሎብስተር ማጥመድ ተከልክሎ ነበር።

አሁን ወደ አረንጓዴዋ እንምጣ። ቶማሊ ይሏታል። ለሎብስተሩ ጉበትም ቆሽትም ሆና የምትሠራው እሷ ናት። የባህሩ ብክለትና መርዝ የሚጠራቀመውም እዚያው ነው። አንዳንዴ ባህሩ ላይ መርዛማ አልጌ ይበዛል። ያንን መርዝ ዛጎል ለበስ እንስሳት ይይዙታል፣ ሎብስተሩ ደግሞ እነሱን ይበላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቶማሊን ማንም እንዳይበላ፣ ሥጋው ግን ችግር እንደሌለበት አስታውቋል። የሜን የጤና ባለሥልጣናትም ቶማሊ አትብሉ ይላሉ።

«እኔ ስንት ዓመት በልቼ ምን ሆንኩ?» የሚል ጋባዥ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሁልጊዜ መርዝ አለባት ማለት አይደለም። ነገር ግን በዓይን አይለይም፣ በምላስም አይታወቅም፣ መቀቀልም አያጠፋውም! መርዙ ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ ከበሉ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከንፈርና ፊት ይደነዝዛል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሲብስም መተንፈስ ያቅታል። እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማዎ እስኪነጋ ብለው አይተኙ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂዱ። ቶማሊ ሾርባና ስጎ ውስጥም ስለምትገባ አስተናጋጁን መጠየቅ አይክፋዎ።

ከሴቷ ሆድ ውስጥ ቀይ ነገር ካገኙ ግን አይደንግጡ፣ እንቁላሏ ነው፣ ይበላል። ጥቁር ሆኖ ከተገኘ ገና አልበሰለምና ወደ ድስቱ ይመለስ። በነገራችን ላይ እንቁላሏ ወጥቶ ጅራቷ ሥር የተለጠፈባትን ሎብስተር የሜን አጥማጅ በሕግ ወደ ባህር ይመልሳታል፣ ጅራቷ ላይም ምልክት ይቆርጥባታል፤ ሌላው አጥማጅ ምልክቱን አይቶ እንዲተዋት!

የሚጣለው ደግሞ ይኸ ነው። ከዓይኑ ኋላ ያለችው ከረጢት ጨጓራው ናት፣ አሸዋና የቅርፊት ስብርባሪ ይኖርባታል። ጅራቱ መሐል እንደ ክር የተዘረጋችው አንጀቱ ናት፣ ተስባ ትወጣለች። እንደ ላባ የሚመስሉት መተንፈሻዎቹም መርዝ ባይሆኑ ጣዕም የላቸውም።

ራስዎ ገዝተው የሚቀቅሉ ከሆነ በሕይወት ያለውን ይምረጡ። ሲነሳ የሚወራጭና ጅራቱን የሚጠቀልል ይሁን። ሎብስተር ሳይበስል ከሞተ ቶሎ ይበላሻል። ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን በልቶ ሰውነቱ ያበጠ ወይም ያሳከከው ሰው ደግሞ ሎብስተርን ጨርሶ አይሞክር።

ለጀማሪ የሚሻለው ሎብስተር ሮል ማዘዝ ነው። ሥጋው ብቻ ተፈልፍሎ ዳቦ ውስጥ ገብቶ ይመጣል፣ መስበር የለ መጨነቅ የለ። ግብዣ ላይ ከሆኑና አረንጓዴዋ በማንኪያ ወደ እርስዎ ከመጣች ግን «ሥጋው ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይበሉ። ጋባዡ ቢስቅ ይሳቅ። እንግዳ ያከበረውን ሰው የሚያከብረው አብሮ በመጫወት እንጂ የቀረበለትን ሁሉ በመዋጥ አይደለም።