ወላጅ ለሚጠይቀው አሠልጣኝ እውነቱን ይንገር

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ለዳኛና ለነጋዴ ብቻ አይደለም፤ የሰውን ልጅ ተቀብሎ ስለ ማሠልጠኑ ዋጋ ለሚቀበልም ሰው ነው። እኔም ከነዚህ አንዱ ነኝና፥ ወላጆችና የሙያ ጓደኞቼ ይማሩበት ዘንድ የደረሰብኝን እጽፋለሁ።

በሐሙሲት ወጣቶችን ሩጫ አሠለጥናለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሩዝ የሚያመርቱ አንድ የፎገራ ገበሬ የ17 ዓመት ልጃቸውን አምጥተው በየወሩ ሊከፍሉኝ ተስማማን። ልጁ ትጉህና ጨዋ ነበረ፤ ነገር ግን ስድስት ወር ሙሉ ሰዓት ይዤ ብለካው ፍጥነቱ ፈቀቅ አላለም። አባቱ በየሐሙሱ ለገበያ ሲመጡ «ልጄ እንደምን ነው?» ይሉኛል፤ እኔም «ደኅና ነው፤ ይደርሳል» እላቸዋለሁ። ይህንም ማለቴ አንድም እንዳላሳዝናቸው፥ አንድም የወሩ ገንዘብ እንዳይቀርብኝ ነበር። ልጁም ቃሌን አምኖ ትምህርቱን ተወ።

ዓመት ካለፈ በኋላ ሰውዬው የእርሻ በሬያቸውን እየነዱ ወደ ገበያ ሲመጡ አገኘኋቸው። ሸጠው ልጁን ወደ አዲስ አበባ ሊልኩት ኖሯል። ያን ጊዜ ኅሊናዬ አላስችል ቢለኝ «አባቴ፥ በሬውን ይመልሱት። ልጅዎ በሩጫ እንጀራ አያገኝም፤ ይህንም ካወቅሁ ሰንብቻለሁ» አልኋቸው።

ገመዱን እንደ ያዙ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ኋላም «ወንድሜ፥ ስለ ነገርኸኝ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን አምና ብትነግረኝ ኖሮ ልጄ ከትምህርቱ ባልተነሣ ነበር» ብለው ተመለሱ። ልጁም በማግሥቱ ዓመት ከታናናሾቹ ጋራ ተቀምጦ ትምህርቱን ቀጠለ።

በ2008 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ በጥብቅነታቸው የታወቁ አሠልጣኝ ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፥ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኙት በርሳቸው ዘመን ነው። እንግዲህ ጥብቅነት ደቀ መዝሙርን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ፍሬ ከወዴት በተገኘ?

ዛሬ ልጅ ሲመጣልኝ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ዋጋ አልቀበልም። የሦስቱ ወር ልክ ሲፈጸም ወላጁን ጠርቼ የጻፍሁትን ሰዓት አሳየዋለሁ። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ሲሆን የሯጮቹ አገር በቆጂ ግን ወደ 2,800 ሜትር የምትጠጋ መሆኗንም አልደብቅም። ስለዚህ ከደንበኞቼ ጥቂቶቹ ደስ የሚያሰኝ ቃል ወደሚሰሙበት ሄደዋል፤ ገቢዬም ቀንሷል።

እናንተም ወላጆች ሆይ፥ አሠልጣኙን «ይደርሳል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «ባይደርስስ መቼ ትነግረኛለህ?» በሉት። እኔን ያን ጊዜ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ቢኖር፥ ልጁ አንድ ዓመት ባልጠፋበት ነበር።