ካውያ የማያቃናው እጥፋት

ውድ አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ዕድሜዬ ስለ ልጆች ካርድ ልጽፍልዎ ስነሣ ይሥቁብኝ ይሆናል። ይሁን እንጂ እስከ ፍጻሜው ቢታገሡኝ፥ ነገሩ የልጆች ብቻ አለመሆኑን ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ።

የምኖረው ከቤተሰቤ ጋር በዋሽንግተን አጠገብ ነው። የ11 ዓመት ልጄ፥ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን መታተም የጀመሩትን የፖኬሞን ካርዶች ይሰበስባል። አንድ ቀን ከሁሉ አብልጦ የሚወዳትን ካርድ ሶፋ ላይ ትቷት ኖሮ፥ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ሳላያት ተቀመጥሁባት። ብነሣ አንዱ ማዕዘኗ ታጥፏል፤ መካከሏንም የኪሴ ቁልፍ ተጭኖ አሠርጕዶታል። ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«አስተካክላታለሁ» አልሁት።

እንግዲህ አንባቢዬ፥ ከእኔ ስሕተት ይማሩ። በመጀመሪያ ዋጋ በሌላት ካርድ ላይ ካውያ ሞከርሁ፤ ገጿ ተኰማተረ። ካርድ ማለት ቀለምና ስስ ሽፋን ያረፈበት የተደራረበ ወረቀት ነውና፥ ብርቱ ሙቀት አይስማማውም። ከዚያ በኋላ በትዕግሥት ያዝሁት። የልጄን ካርድ ክዳን ባለው ሣሕን ውስጥ፥ ከእርጥብ ጨርቅ አጠገብ ሳይነካት ጥቂት አቆየኋት፤ ቀጥሎም በሁለት መምጠጫ ወረቀት መካከል አድርጌ ከከባድ መዝገበ ቃላት በታች አንድ ሳምንት አስተኛኋት። የወረቀቱ ቃጫ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣልና ሥርጕዱ ቀና አለ። እጥፋቱ ግን ነጭ መስመር ሆኖ ቀረ፤ በዚያ ቦታ ቃጫው ተሰብሮ ቀለሙ ረግፏልና። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ!

ፈተናው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የልጄ ጓደኛ ካርዲቱን በሌላ ሊለውጠው ፈለገ። እኔም የቀለም እርሳስ አንሥቼ መስመሩን ልሸፍነው ቃጣሁ።

«አባባ፥ ከቀባነው በኋላ እንነግረዋለን?» አለኝ ልጄ።

እርሳሱን አስቀመጥሁና የቤዝቦሉን ተጫዋች የሆነስ ዋግነርን ካርድ ታሪክ አጫወትሁት። ያ ካርድ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ይወጣ የነበረ ነው። ከቀሩት አንዱ በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2013 ግን ቢል ማስትሮ የተባለው ነጋዴ ቀድሞ ጠርዙን ቈርጦ ያሳመረው እርሱ ራሱ መሆኑን በፍርድ ቤት አመነ።

ልጄ በማግሥቱ መስመሩን በጣቱ እያሳየ ለጓደኛው ነገረው። ልውውጡም ቀረ። ካርዲቱ ዛሬ በአልበሙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ናት፤ እንግዳ ሲመጣ «ይህች አባባ የተቀመጠባት ናት» እያለ ያሳያል።

አንባቢዬ ሆይ፥ የተበላሸውን ማቃናት መልካም ሥራ ነው፤ መበላሸቱን መሸሸግ ግን ሌላ ሥራ ነው። እኔ ሁለቱን መለየት የተማርሁት ከ11 ዓመት ልጅ ነው። እርስዎም ማታ ደክመው ሲገቡ፥ ከመቀመጥዎ በፊት ሶፋውን ይመልከቱ።