የጊኮምባዋ ዓሣ ሻጭ

ወገኖቼ፣ ናይሮቢ ባሕር የላትም። ዓሣዋ ከቪክቶሪያ ሐይቅና ከሞምባሳ ተጭኖ የሚመጣ ነው።

ለሕክምና በይለፍ ወረቀት ከካኩማ ወርጄ ኢስሊ ባረፍኩ ሰሞን፣ አብሮኝ የሚተኛ የዝዋይ ልጅ ከሆስፒታል ወጥቶ እህል አልወርድለት አለ። «ቆሮሶ ባገኝ» ይል ነበር። ከመንገድ ዳር ገዝቼ ጠብሼ ባቀርብለት አሽትቶ ፊቱን አዞረ። እጄ ላይ የቀረችው የመመለሻ መሳፈሪያዬ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ ከእርሷ ቆንጥሬ ጊኮምባ ገበያ ሄድኩ። እናት ትሸጣለች፣ ሴት ልጇ ትመዝናለች፣ ወንዱ ልጅ ቅርፊት ይፍቃል። ስጠራጠር ብታየኝ ስንጥቡን ገልጣ አሳየችኝ፤ እንደ ደም ቀልቷል። ዓይኑ የጠራ ነው እንጂ አልጎደጎደም፤ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይሞላል። «ወንድሜ፣ ዛሬ ካታለልኩህ ነገ አትመለስም፤ ልጆቼ ደግሞ ነገም ይበላሉ» አለችኝ በስዋሂሊ።

የዝዋዩ ልጅ እሾሁን ሳይቀር መጠጠው። የቪክቶሪያ ውሃ በነጭ ዓባይ ወርዶ ካርቱም ላይ ከዓባያችን እንደሚገናኝ ሳጫውተው፣ «የእናንተስ ቱርካና ከኦሞ አይደል የሚጠጣው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የቱርካና ሐይቅ አብዛኛውን ውሃ የሚያገኘው ከአገራችን ከኦሞ ወንዝ ነው። ስንት ዓመት አጠገቡ ስኖር አስቤው አላውቅም ነበር።

ከመሳፈሪያዬ የጎደለውን ተበድሬ ተመለስኩ፤ ዕዳው እስካሁን አለብኝ፣ አልቆጨኝም። እናንተም ከካሎኮል የመጣ ትኩስ ዓሣ ካጋጠማችሁ፣ ከዋጋው በፊት ስንጥቡን ግለጡ።