የከቢራችን ጽሑፎችና አዲሱ ኮምፒውተር



አዲስ በተገጣጠመ ኮምፒውተር ላይ አሮጌ ዊንዶስ ለመጫን የሚደክም ሰው ምን ነካው የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ሐረር ጀጎል ውስጥ በምናስተምርበት መድረሳ ይህን ለማድረግ የተነሳነው አሮጌ ነገር አምሮን አልነበረም። ያስተማሩን ከቢር ወደ አኺራ ሲሄዱ፣ በጌይ ሲናንና በአማርኛ ያዘጋጇቸው የፊቅህና የአደብ ትምህርቶች በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ቀርተው ነበር። በመጽሐፍ መልክ ታትመው አያውቁም። ኮምፒውተሩም አንድ ቀን ሲነሳ ሌላ ቀን ጭራሽ አይነሳም። ስለሆነም መምህራንና ወላጆች ገንዘብ አዋጥተን፣ ዕቃውን ከድሬዳዋ አስመጥተን አዲስ አስገጣጠምን።

ከሁሉ በፊት የአሮጌውን ዲስክ ይዘት በሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥን። (ቤታችሁ አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ወላጆች፣ ይህንን ዛሬ ነገ አትበሉት።) ፋይሎቹን በአዲሱ ላይ ስንከፍት ግን የወጣው ፊደል ሳይሆን የላቲን ምልክት ትርምስ ሆነ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ዓለም አቀፍ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የተመዘገቡት 345 ምልክቶች ነበሩ። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ የሠሩ ሁሉ ቁጥሩን በየራሳቸው ይሰጡ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ስለነበረው ፊደላችን አይበቃውም፤ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ይከፋፈል ነበር። በዚህ የተነሳ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የከቢሩ «ሐ» የፈረንጅ ምልክት ሆኖ ይታያል። የጻፉበት ፕሮግራም ደግሞ የዊንዶስ 98 ዘመን ሥራ ነው፤ ከፊሉ 16 ቢት የሚባለው ዓይነት በመሆኑ የዛሬው 64 ቢት ዊንዶስ አይቀበለውም። እንግዲህ አሮጌ ዊንዶስ የፈለግነው ለዚህ ነበር።

መጀመሪያ ኤክስፒን ሞከርን። ኤክስፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የኤን.ቪ.ኤም.ኢ. ዲስክ ያን ጊዜ አልተፈጠረም። ስለዚህ «ዲስክ አላገኘሁም» አለን። ለማያውቀው ዲስክ ድራይቨር የሚቀበለው ገና ሲጀምር ኤፍ 6 ተጭነን በፍሎፒ ስናቀርብለት ነው። ፍሎፒ! ከተማሪዎቻችን መካከል ፍሎፒ በዓይኑ ያየ አንድም አልተገኘም።

ቀጥሎ ዊንዶስ 7 መጣ። ቋንቋ ምረጡ እስከሚለው ገጽ ደርሶ ማውሱም ኪቦርዱም ቀጥ አሉ። ዊንዶስ 7 እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ የዩ.ኤስ.ቢ. 3 ድራይቨር በውስጡ አልነበረውም፤ የአዲሱ ማዘርቦርድ መሰኪያዎች ደግሞ ሁሉም በዚያ የሚሠሩ ናቸው። ደግነቱ ከጀርባው አንዲት ክብ መሰኪያ ነበረችና የአሮጌውን ኮምፒውተር ኪቦርድ ሰካንባት፤ ሠራች። ዲስኩንም አያውቀውም ነበርና ለጊዜው በተለመደው የሳታ ዲስክ ተካነው። ተጫነ። ይሁን እንጂ ለስክሪኑም ለኔትወርኩም ለዊንዶስ 7 የተሠራ ድራይቨር አላገኘንም። ጽሑፉ እንደ ግድግዳ ማስታወቂያ ገዝፎ ይታያል።

በዚህ መካከል ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የቀድሞ ተማሪያችን ሊጠይቀን መጣ። አይቶ አይቶ፣ «ኡስታዝ፣ የምትፈልጉት ዊንዶሱን ነው ወይስ የከቢሩን ጽሑፍ?» አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ያልጠየቅነው ጥያቄ ይኸው ነበር።

እርሱ ያሳየን በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማስነሳትን ነው። ቨርቹዋል ቦክስ የሚባለው ፕሮግራም በአዲሱ ዊንዶስ ላይ አንድ መስኮት ይከፍትና፣ በውስጡ ለሚጫነው ኤክስፒ የዱሮ ዲስክና የዱሮ ስክሪን ያለ ያስመስልለታል። ማስታወሻውን 512 ሜጋባይት አደረግነው፤ ለኤክስፒ ይበቃዋል። ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ተጫነ። የከቢሩን ፕሮግራም ጨምረን ፋይሉን ስንከፍት «ቢስሚላህ» የሚለው ርዕስ በራሳቸው አጻጻፍ ወጣ። የከቢሩ ሴት ልጅ አብራን ነበረች፤ እስክትረጋጋ ማንም አልተናገረም።

የኢንተርኔቱን መንገድ ዘጋንበት። የኤክስፒ ጥገና እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014፣ የዊንዶስ 7 ደግሞ ጥር 14 ቀን 2020 ቆሟል። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ ያጠቃው ጥገና ያልደረሳቸውን ነበር። «ለልጆች ጨዋታ ይበቃል» እያላችሁ አሮጌ ዊንዶስ ከኢንተርኔት ጋር የምታገናኙ ቤተሰቦች ይህን አስቡበት። በየሱቁ የሚቸበቸበውን የተሰበረ ቅጂም ተዉት፤ የሰው ሐቅ መሆኑ ሳያንስ ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። በአሮጌው ፎንት የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ ሠንጠረዥ አውጥተን፣ ወጣቱ በሠራልን ትንሽ ፕሮግራም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ እየለወጥን እናርማለን። ተማሪዎች ከዐስር ሶላት በኋላ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያመሳክራል።

ያላሰብነው ነገር ግን ገጠመን። የከቢሩ ፕሮግራም ዐረብኛ አይጽፍም ነበር። ስለዚህ አንቀጹና ሐዲሡ የሚገባበትን ቦታ ባዶ ትተው፣ ወረቀቱ ከታተመ በኋላ በብዕር ይሞሉት ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው ባዶው ብቻ ነው። በየትኛው ቦታ የትኛው አንቀጽ እንደሚገባ የሚያውቁት ከእርሳቸው ሥር ቁጭ ብለው የቀሩት ናቸው፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ አርጅተዋል። ሐሙስ ሐሙስ ሁለት አዛውንቶች መድረሳው ድረስ ይመጣሉ። ከባዶው በፊትና በኋላ ያለውን እናነብላቸዋለን፤ እነርሱ ከቃላቸው ያወጡታል፤ እኛ ከሙስሐፍና ከሐዲሥ ኪታቦች እያመሳከርን እናስገባዋለን። አልፎ አልፎ ሁለቱ ይከራከራሉ፤ ያኔ ቦታውን በቀይ ምልክት አድርገን እናልፋለን። የከቢሩ ልጅ በብዕር ከተሞሉት ወረቀቶች ጥቂቱ ድሬዳዋ ዘመድ ቤት በሣጥን እንዳለ ነግራናለች። ከዒድ በኋላ ኢንሻአላህ ሄደን እናየዋለን፤ ቀይ ምልክቶቹን ይዘን።