የሚበላ ጭቃ

መርካቶ ባለችው አጥቢያችን የሰንበት ትምህርት ልጆች ኤርምያስ 18ን፣ የሸክላ ሠሪውን ታሪክ ሲማሩ፣ የምንሰጣቸው ጭቃ ሳይሆን በሶ ነው። ጥሬ የስንዴ ሊጥ ሆድ ያሳምማል፤ በሶ ግን የተቆላ ገብስ ስለሆነ ቢቀምሱት አንሰጋም። ገብሱን ከእህል በረንዳ እንገዛለን፤ እናቶች ቆልተው ያስፈጩታል። በለብ ያለ ውሃ፣ በዘይትና በጥቂት ማር፣ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው እናሸዋለን (ማሩ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሆንም)።

አንዱ ማሰሮ ይሠራል፤ ሌላው በግ። ምንም ሳይሠራ የሚበላውም አለ። ቁርስ ሳይቀምስ መምጣቱን የምናውቀው ያን ጊዜ ነው። በዮሐንስ 6 ብላቴናው የያዘው የገብስ እንጀራ ትዝ ይለናል። ሥራህ የታለ ብለን አንጠይቀውም፤ ሌላ ጭብጦ እንጨምርለታለን። አሁን በሶውን ከልጆቹ ቁጥር አብልጠን ነው የምናሸው።