እብነ በረድ የሌለው የንጉሥ መቃብር

ታላቅ መካነ መቃብር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የህንዱን ታጅ ማሃል ነው። ሻህ ጃሃን ለሟች ባለቤቱ ከማክራና ነጭ እብነ በረድ አስጓጉዞ አሠራላት። እኛም ጋ አዲስ አበባ በዓታ ላይ ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ በእብነ በረድ ሣጥን አርፈዋል።

ላስታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በትውፊት የንጉሥ ላሊበላ መቃብር በቤተ ጎለጎታ ውስጥ ነው። እዚያ የተጓጓዘ ድንጋይ የለም፤ ግድግዳውም፣ ዓምዱም፣ በግድግዳው ላይ የቆሙት የቅዱሳን ምስሎችም ከዚያው አለት የተፈለፈሉ ናቸው። እናቴ ለገና ሄዳ ሴቶች ስለማይገቡ ከደጁ ተሳልማ ተመልሳለች። እኔ ስገባ የገረመኝ ጨለማው ነው። ንጉሡ ከፍ ብሎ መታየትን የፈለገ አይመስልም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቁም ነገር አለ። የታጅ ማሃል እብነ በረድ ቢሰነጠቅ በሌላ ይተካል። የላሊበላ ግን ሁሉም አንድ አለት ነው፤ የተፈረፈረው አይተካም። አለቱ እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ውሃ የሚመጥ ነው። ጠላቱ ክረምት ነው።

ጥገናም ራሱ ጠላት ሊሆን ይችላል። በ1940ዎቹ አብያተ ክርስቲያናቱ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀቡ፤ በኋላ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት ተፋቀ። በ2000 ዓ.ም. ለጊዜው ተብለው የቆሙት የብረት ጣሪያዎች ደግሞ ዓመታት አለፉባቸው። በ2011 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ «ይወድቁብናል» ብሎ ጮኸ። ፈረንሳይም ልታግዝ ቃል ገባች፤ ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ቱሪስቱም ቀረ።

ከውጭ የሚመጣውን እርዳታ አልጠላም። ግን ሁልጊዜ ትልቅ ፕሮጀክት ስንጠብቅ ትንሹ ሥራ ይቀራል። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ለዝናብ ውሃ መውጫ ቦይ ቀርጸዋል። ቦዩን ማጽዳት፣ ስንጥቁን በየዓመቱ መመዝገብ፣ የአካባቢውን ልጆች በድንጋይ ጥገና ማሠልጠንና መቅጠር የፓሪስን ፊርማ አይጠብቅም። በጀቱ ግን ከመንግሥት መውጣት አለበት፤ ካህናቱና የከተማው ሕዝብ ብቻቸውን አይችሉትም።

ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገባቸው። መዝገብ ግን ዝናብ አያስቆምም። ሐምሌ በየዓመቱ ይመጣል፤ ሰኔ ላይ ቦዩ ተጠርጎ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገናል።