ላንጋኖ፣ ፀሐይና የእማማ መድኃኒት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ደቡብ ለሚጓዝ ሰው የላንጋኖ ሐይቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዝዋይን፣ ማለትም የዛሬዋን ባቱን አልፈው፣ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን ከተሻገሩ በኋላ በስተግራ በኩል ውሃው ብቅ ይላል። ቀለሙ ሰማያዊ ሳይሆን ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ልጆቼ መጀመሪያ እንዳዩት «ቆሻሻ ነው፣ አንዋኝም» ብለው አኩርፈው ነበር። ነገር ግን ቀለሙ የመጣው በውሃው ውስጥ ከሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱንም ከውሃው ማስወጣት አልተቻለም። ከማዶ የአርሲ ተራሮች ይታያሉ፤ በዳርቻው ግራር አለ፤ ማታ ማታም ነፋሱ ሐይቁን እያንገላታ ማዕበል ያስነሣል።

ይህ ጉዞ ለብዙ ጊዜ ሲታሰብና ሲቀር የኖረ ነው። የባለቤቴ እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ኢንሱሊን በየቀኑ ይወጋሉ። «መድኃኒቴ ከማቀዝቀዣ ከወጣ ይበላሻል» እያሉ ከከተማ ለማደር ወጥተው አያውቁም ነበር። ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መፍትሔ ይዞ መጣ። ሥራው ጎብኚዎችን ማመላለስ ነው። የአንድ አሮጌ ሚኒባስ ወንበሮች ነቅሎ አልጋ፣ የውሃ ጀሪካን ማስቀመጫና በ12 ቮልት የምትሠራ ትንሽ ማቀዝቀዣ አስገባበት። ለማቀዝቀዣዋም ከሞተሩ ባትሪ ጋር ያልተያያዘ ሁለተኛ ባትሪ ከአልጋው ሥር አኖረ። እኔ በበኩሌ ከሥራ ባልደረባዬ እንደ ሻንጣ የሚታጠፍ ባለ 100 ዋት ሶላር ተዋስኩ።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ እኛ ሳናውቀው በመሄዳችን ተቸግረናልና። ለ12 ቮልት ባትሪ የተሠራ ሶላር ፀሐይ ሲመታው፣ ምንም ካልተያያዘበት፣ ከ20 ቮልት በላይ ያወጣል። ተራው የመኪና ዓይነት ባትሪ ግን ሲሞላ ከ14 ቮልት ተኩል ያህል በላይ ቢሰጠው ይጎዳል፣ ይፈላል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ኮንትሮለር የሚባል መቆጣጠሪያ ይገባል። እርሱም ባትሪው ሲጠግብ ኃይሉን ይቀንሳል፤ በጨለማም ጊዜ ከባትሪው ወደ ሶላሩ ተመልሶ እንዳይፈስ ይከለክላል። የዋጋ ቅናሽ የሚያደርግላችሁ ነጋዴ «በቀጥታ ብታስሩትም ይሠራል» ቢላችሁ አትስሙት። መሥራቱስ ለጊዜው ይሠራል።

የእኛ ችግር ግን የመቆጣጠሪያው መትረፍ ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ አንድ ተገጥሟል፤ በተዋስኩት ሶላር ጀርባም ሌላ ተለጥፎ ኖሯል። አርብ ቀትር ደርሰን አንዱን በአንዱ ላይ ቀጠልን። ትንሿ መብራት በራች፤ እኛም ደስ ብሎን ዓሣችንን በላን። መቆጣጠሪያዎቹ ግን ተደራርበው አይስማሙም፤ የፊተኛው ባትሪ አገኛለሁ ሲል፣ የኋለኛው ሶላር አገኛለሁ ሲል፣ ሁለቱም ተፋጠው ይውላሉ። ቅዳሜ ጧት በቴስተር ሲለካ ባትሪው 11 ነጥብ 9 ቮልት ላይ ወርዷል። የሞላ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12 ነጥብ 7 ያህል ያሳያል፤ 12 ነጥብ 1 ላይ ሲደርስ ግማሹ አልቋል ማለት ነው። ማቀዝቀዣዋም ብዙ ሳትቆይ ጠፋች።

በዚህን ጊዜ ችኮላ መጣ። የሚኒባሱን መቆጣጠሪያ ትቶ ከሶላሩ መቆጣጠሪያ በቀጥታ ወደ ባትሪው መስመር መሳብ ትክክል ነበር፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነውና። ዳሩ ግን ለማስረዘሚያ የተገዛው ሽቦ ሁለቱም ጥቁር ነበር። የትኛው ፖዘቲቭ፣ የትኛው ኔጋቲቭ እንደሆነ በግምት ተያዘ፤ ግምቱም ተገለበጠ። ብልጭ አለና ፊውዙ ተቃጠለ። በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ የገባ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ነበር፤ መለዋወጫ አልያዝንም።

«እታለም፣ በቀጭን ሽቦ ላስረውና ለዛሬ እንገላገል» አለ ወንድማችን። ይህ በየቤታችንም የምናየው ነገር ነው። እማማ ከግራሩ ሥር ሆነው ወደ እኔ ያያሉ፤ አልተናገሩም እንጂ ሐሳባቸው ከመድኃኒቱ ላይ ነበር። እኔም እውነቱን ለመናገር «እሰረው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። 12 ቮልት ሰውን እንደ ቤት መብራት አይነዝርም፤ ስለዚህ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን አንድ መፍቻ በሁለቱ የባትሪ ጫፎች ላይ ቢወድቅ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ያልፍበታል፤ ብረቱ ይግላል፣ የሽቦው ልብስ ይነዳል፣ ጣት ላይ ያለ ቀለበትም እስከ አጥንት ያቃጥላል። ባትሪው ደግሞ ያለው እማማ ከሚተኙበት አልጋ ሥር ነው።

«አይሆንም» አልኩት። እርሱ ወደ አስፋልቱ ወጥቶ በሚኒባስ ወደ አርሲ ነገሌ ፊውዝ ፍለጋ ሄደ። እኔ ለአንዲት የማውቃት ነርስ ስልክ ደወልኩ። የነገረችኝም ይህ ነው፤ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ግን፣ አብዛኛው ዓይነት፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካላለፈ ለአራት ሳምንት ያህል ከማቀዝቀዣ ውጪ ሊቆይ ይችላል። ትክክለኛው ቀን በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል። የሚያጠፋው ፀሐይና የተዘጋ መኪና ሙቀት ነው። በረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥም አይገባም፤ አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ይጣላል። ብልቃጦቹን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልዬ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ አኖርኩ፤ ማሰሮውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ ነፋስ ከሚያገኘው ጥላ ሥር አስቀመጥኩት። ጨርቁን ማርጠብ የታናሽቱ ልጄ ሥራ ሆነ።

እማማ ይህን ሁሉ ሰምተው «ታዲያ ይኸን ያህል ዓመት ቤት የተቀመጥኩት በከንቱ ነው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ከቀትር በኋላ ወንድማችን አራት ፊውዝና አንድ ጥቅል ቀይ ፕላስተር ይዞ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ አልተቸኮለም። የፖዘቲቩ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር ተለይቶ ቀይ ፕላስተር ተጠቀለለበት። ሰዓትና ቀለበት ወለቀ። ሶላሩ ፊቱን ወደ መሬት ተደፍቶ ጋቢ ለበሰ። መቆጣጠሪያው የባትሪውን ቮልት አውቆ እንዲነሣ መጀመሪያ ከባትሪው ጋር ተገናኘ፤ ፊውዙ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሶላሩ የተያያዘውና ጋቢው የተነሣው። ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ሶላሩ ይቀድማል፣ ባትሪው ይከተላል። መስኮትና በርም ተከፈተ፤ እንዲህ ያለ ባትሪ ሲሞላ የሚነድ ጋዝ ስለሚያወጣ በአጠገቡ ክብሪት አይጫርም፣ ምድጃም አይለኮስም። ቡናውን ያፈላሁት ከሃያ እርምጃ በላይ ርቄ ነው።

እንግዲህ የቀረው ጥል በእማማና በሶላሩ መካከል ነበር። እሳቸው ጥላ ይፈልጋሉ፤ ሶላሩ ፀሐይ ይፈልጋል። የአንዲት የግራር ቅርንጫፍ ጥላ በአንድ ጥግ ላይ ብታርፍ እንኳ የሚገባው ኃይል በብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ ትልቁ ልጄ ፀሐይዋን እየተከተለ ሲያዞረው፣ ከመንደሩ የመጡ የፍየል እረኞች ልጆችም አብረውት ሲገፉ ዋሉ። አመሻሹ ላይ ማቀዝቀዣዋ እንደገና ተነሣች። እማማ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ነበርና ድምፅዋን አልሰሙም።

እሑድ ጧት ሶላሩን ቀድመን ፈታን። አዲስ አበባ ገብቼ ዕቃውን ለባልደረባዬ ስመልስ፣ ከቀሩት ፊውዞች ሁለቱን በትንሽ ፌስታል ቋጥሬ እጀታው ላይ አሰርኩለት። ቀዩንም ፕላስተር ከሽቦው ላይ አላነሣሁትም።